120 ዋት፣ አራት ጥሩምባ፣ ሁለት ማይክ፦ የመካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያ ዕቃ ሲመዘን

የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ግቢ ወሬ አያልቅበትም። ማክሰኞ የሒሳብ ክበብ ይሰበሰባል፣ ረቡዕ 7ኛ ኤ ከ7ኛ ሲ ኳስ ይጫወታል፣ ሐሙስ የሞዴል ፈተና ፕሮግራም ይለጠፋል፣ ዓርብ የመንፈቁ ደረጃ ተማሪዎች ስም ይነበባል። ይህ ሁሉ ተማሪው ጆሮ የሚደርሰው በሚኒ ሚዲያ ነው። ትምህርት ቤቶች ግን ዕቃውን ሊገዙ ሲወጡ በብዛት የሚጠይቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ስንት ዋት ነው?» የዋቱ ቁጥር ስንት እንደሚጮህ ይናገር ይሆናል፤ ቃሉ ይሰማ አይሰማ ግን አይነግርም።

እዚህ የተመዘነው በመርካቶ የኤሌክትሮኒክስ ሱቆች እንደ ሙሉ ጥቅል የሚሸጠው ዓይነት ስብስብ ነው፦ ሚክሰሩ (የማይኮቹን ድምፅ የሚያዋህደው ክፍል) አብሮት ያለ 120 ዋት አምፕሊፋየር (ድምፅ ማጉያ)፣ አራት ጥሩምባ (ሆርን)፣ ባለ ገመድ ሁለት ማይክና ፍላሽ መሰኪያ። የተመዘነው አንድ ማርካ ሳይሆን ዓይነቱ ነው። የህንዱ አሁጃም ሆነ የጃፓኑ ቶአ፣ ወይም ስሙ የማይታወቅ ሌላ ዕቃ፣ የኋላ ፓነሉ የሚሠራበት መንገድ ተቀራራቢ ነው። ከጎኑ ሁለት ተፎካካሪዎች ቀርበዋል፦ ጎማ ያለውና ቻርጅ የሚደረገው ትልቅ ስፒከር፣ ሞንታርቦ፣ እንዲሁም የትምህርት ቤቱ የቴሌግራም ቻናል። ዋጋ አልተጻፈም፤ ዛሬ የተጻፈው ነገ ስለማይገኝ።

ለሚቸኩል ሰው ፍርዱን አስቀድመን እንስጥ። ለአንድ የመካከለኛ ደረጃ ግቢ 120 ዋቱ በቂ ነው። 250 ዋት መግዛት አያስፈልግም። «አይሰማም» የሚባለው ስብስብ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ከአምፕሊፋየሩ አይደለም፤ ወይ ከኋላው ባለው የሽቦ አሠራር ነው፣ ወይ ማይኩን ከያዘው ልጅና ከያዘው ወረቀት ነው።

የኋላው ፓነል

ካቻቢቴ ይዘው ወደ ኋላው ይዙሩ። በአንድ ረድፍ የተደረደሩ ብሎኖች ያገኛሉ፦ ኮም (የጋራው መነሻ)፣ 4 ኦም፣ 8 ኦም፣ 16 ኦም፣ 70 ቮልት፣ 100 ቮልት። ኦም የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ ነው። የስብስቡ ዕድሜ የሚወሰነው በዚህች አንድ ስንዝር ቦታ ላይ ነው። ጥሩምባዎቹም ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው በጀርባው ትንሽ ትራንስፎርመር ያለውና እንደ 5፣ 10፣ 15፣ 30 ዋት ያለ መምረጫ የተጻፈበት ነው። ሁለተኛው ትራንስፎርመር የሌለውና «8 ኦም» ወይም «16 ኦም» ብቻ የተጻፈበት ነው። ሻጩ ሁለቱንም «ጥሩምባ» ብሎ ነው የሚሸጠው። ትራንስፎርመር የሌለውን ከ100 ቮልቱ ብሎን ላይ ያሰረ ሰው ድምፁን ለጥቂት ጊዜ ይሰማል፤ ከዚያ የውስጡ ዲያፍራም (ተንቀጥቅጦ ድምፁን የሚያወጣው ስስ ክፍል) ይቃጠላል።

ለትምህርት ቤት የሚመረጠው ባለ ትራንስፎርመሩ ነው። አንደኛው ሽቦ ከኮም፣ ሁለተኛው ከ100 ቮልት ይነሳል፤ ጥሩምባዎቹ ሁሉ በዚያው መስመር ላይ ጎን ለጎን (ፓራለል) ይታሰራሉ። ስሌቱ መደመር ብቻ ነው። በየጥሩምባው ጀርባ የመረጡትን ዋት ይደምሩ፤ ድምሩ ከአምፕሊፋየሩ አቅም 80 በመቶ አይለፍ። አራቱን ጥሩምባ 15 ዋት ላይ ቢያደርጉ 60 ዋት ነው። ለኮሪደርና ለቤተ መጻሕፍት ስድስት ትንንሽ የሣጥን ስፒከሮች በ6 ዋት ቢጨምሩ 36 ነው። ጠቅላላ 96 ዋት፤ የ120ው ልክ 80 በመቶ። ከዚህ በኋላ «አንድ ለዳይሬክተሩ ቢሮ እንጨምር» የሚል ሐሳብ ከመጣ መጀመሪያ ከአንዱ ጥሩምባ ላይ ዋት ይቀነሳል።

ትራንስፎርመር የሌላቸው አራት ባለ 8 ኦም ጥሩምባዎች አስቀድመው ተገዝተው ከሆነ ዕቃው አይጣልም፤ አስተሳሰሩ ግን ይለያል። አራቱን ዝም ብሎ ጎን ለጎን ማሰር 2 ኦም ይሰጣል፤ አምፕሊፋየሩ ደግሞ ከ4 በታች አይችልም። መጀመሪያ ይግላል፣ ከዚያ ይቆራረጣል፣ በመጨረሻ የመውጫ ትራንዚስተሮቹ ይሄዳሉ። ትክክለኛው አስተሳሰር ሁለቱን በተከታታይ አስሮ 16 ኦም ማድረግ፣ ሌሎቹን ሁለቱንም እንዲሁ ማድረግ፣ ከዚያ ሁለቱን ጥንዶች ጎን ለጎን አገናኝቶ 8 ኦሙ ብሎን ላይ ማሳረፍ ነው። ያኔ አምፕሊፋየሩ እስከ መጨረሻው ሲሠራ እያንዳንዱ ጥሩምባ 30 ዋት ይደርሰዋል፤ ስለዚህ ጥሩምባው ላይ የተጻፈው አቅም ከ30 በታች መሆን የለበትም። የዚህ አሠራር ጉድለቱ አንዱ ሲበጠስ ጥንዱም አብሮት ዝም ማለቱ ነው። ሁለት ጥሩምባ በአንድ ጊዜ ዝም ካለ መፈለግ ያለበት አንድ ብልሽት ነው ማለት ነው።

ሽቦው ላይ መቆጠብ የሚያስከፍለውን ዋጋ ብዙ ሰው አያሰላውም። ከአምፕሊፋየሩ እስከ ሰንደቅ ዓላማ መስቀያው 100 ሜትር ነው እንበል። ሄዶ ሲመለስ 200 ሜትር ሽቦ ነው። 1.5 ሚሊ ሜትር ካሬ የመዳብ ሽቦ ለዚህ ርዝመት ወደ 2.4 ኦም ይይዛል። በ8 ኦም አሠራር ከኃይሉ ሩብ የሚጠጋው መንገድ ላይ ይቀራል። ለስፒከር ተብላ የምትሸጠው ቀጭኗ ባለ 0.5 ሽቦ ደግሞ ወደ ግማሽ የሚጠጋውን ትበላለች፤ ከ120 ዋቱ ግማሹ ሽቦ ለማሞቅ ወጣ ማለት ነው። ያው 1.5 ሽቦ በ100 ቮልት መስመር ላይ 60 ዋት ሲያስተላልፍ የሚበላው ከ2 በመቶ በታች ነው። በኤሌክትሪክ መሥሪያ ቤቶች ዘንድ ከፍ ያለ ቮልት ለረጅም መስመር የሚመረጥበት ምክንያት እዚህም ይሠራል።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ 100 ቮልት ስሙ ብቻ አይደለም። ድምፁ ከፍ ሲል መስመሩ ላይ እጅ የሚነዝር ኃይል አለ። መገጣጠሚያዎች በሙሉ በናስትሮ ይጠቅለሉ፣ ከልጆች እጅ በላይ፣ ቢያንስ 3 ሜትር ላይ ይለፉ። ከማብራትዎ በፊት ከኮምና ከ100 ቮልቱ የሚነሱትን ሁለት ሽቦዎች ፈትተው በቴስተር ይለኩ፤ ዜሮ የሚጠጋ ንባብ ከመጣ የሆነ ቦታ ሁለቱ ሽቦዎች ተነካክተዋል።

ጥሩምባው ምን ይችላል፣ ምን አይችልም

ጥሩምባ ለንግግር የተሠራ ዕቃ ነው። ጥሩ የሚባለው በ1 ዋት፣ በ1 ሜትር ርቀት ላይ ወደ 108 ዴሲቤል (የድምፅ ከፍታ መለኪያ) ይሰጣል። 15 ዋት ሲሰጡት 12 ያህል ይጨምርና 120 ይደርሳል። ርቀቱ በእጥፍ በጨመረ ቁጥር 6 ዴሲቤል ይቀንሳል፦ 2 ሜትር ላይ 114፣ 4 ላይ 108፣ 32 ሜትር ላይ 90። ተሰልፈው የሚያወሩ የሰባተኛ ክፍል ልጆችን ለመብለጥ 90 ይበቃል። ይህ ስሌት ነው 250 ዋቱን ትርፍ የሚያደርገው፤ ዋቱን በእጥፍ ማሳደግ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ራቅ ብሎ የተተከለ ጥሩምባን ወደ ተሰላፊዎቹ 10 ሜትር ማስጠጋት ብዙ ጊዜ ከዚያ ይበልጣል።

ያው ስሌት ለጎረቤትም ይሠራል። 256 ሜትር ላይ፣ ፊት ለፊት ላለ ቤት፣ ወደ 72 ዴሲቤል ይደርሳል። በአገራችን ለመኖሪያ አካባቢ የተቀመጠው የቀን ጣሪያ 55 ነው። ስለዚህ ጥሩምባዎቹ ከአጥሩ ተነሥተው ወደ ግቢው መሐል ማየት አለባቸው፤ ከመሐል ወደ አጥር አይደለም። የጥሩምባ ጀርባ ከፊቱ ብዙ እጥፍ ጸጥ ያለ ነው። ወደ ታች ትንሽ ማዘንበል ሁለት ጥቅም አለው፦ ድምፁ ልጆቹ ላይ ያርፋል፣ የዝናቡም ውሃ አይጠራቀምበትም።

የማይችለው ሙዚቃ ነው፤ በተለይ ከበሮና ባሱ የበዛ ሙዚቃ። ወፍራሙን ድምፅ ጥሩምባው አያወጣውም፤ ዲያፍራሙ ግን ሊያወጣው እየታገለ ይቀደዳል። አምፕሊፋየሩ ላይ «ባስ» የሚለውን ቁልፍ ወደ ግራ እስከ መጨረሻ፣ «ትሬብል»ን ከመሐል ትንሽ ወደ ቀኝ ያድርጉት። ድምፁ እንደ ቆርቆሮ የሚፍጨረጨር ከሆነ ዲያፍራሙ አልቋል። ጀርባውን ፈትቶ መቀየር ይቻላል፤ ሲገዙ 8 ኦም ወይም 16 ኦም መሆኑን አሮጌውን ይዞ ሄዶ ማመሳሰል ነው።

ጥሩምባው ቀጭኑንም ድምፅ እስከ ጫፍ አያደርስም። «ስ»ን፣ «ፍ»ን፣ «ሽ»ን ያደበዝዛቸዋል። ውጤቱ በአማርኛ ልዩ ችግር ይፈጥራል፦ «ሠላሳ» እና «ስልሳ» አንድ ይሆናሉ። «የጉዞው ክፍያ ሠላሳ ብር ነው» ተብሎ ስልሳ የሰማ ልጅ ጥፋተኛ አይደለም። ቁጥር በሁለት መንገድ ይነገር፦ «ሠላሳ ብር፤ ሦስት ዜሮ።» «ሰባት» እና «ሰባ»ም እንዲሁ ናቸው።

ማይክ፣ ፉጨት፣ መብራት

አብረው የሚመጡት ማይኮች ለሥራው ይበቃሉ። ብልሽታቸው ከማይኩ ራስ ሳይሆን ከገመዱ ነው፤ ጃኩ ሥር ሽቦው እየተጠማዘዘ ይበጠሳል። ቀጭኑ፣ ትልቅ ጃክ ያለው ገመድ ከ10 ሜትር በላይ ሲረዝም «እምምም» የሚል የመብራት ድምፅ ይስባል። ረጅም ርቀት ከተፈለገ ሁለቱም ጫፍ ላይ ባለ ሦስት እግር ክብ ጃክ ያለው ገመድ ይገዛ፤ አምፕሊፋየሩም ያንን የሚቀበል ቀዳዳ እንዳለው ይታይ።

ማይኩ ከአፍ 5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ይራቅ፣ ከአፍ ፊት ለፊት ሳይሆን ትንሽ ወደ ጎን ይዘንብል። የሚኒ ሚዲያ ዋና ቃል «ፈተና» መሆኑ እዚህ ላይ ይጎዳል፤ «ፈ» ሲባል ትንፋሹ በቀጥታ ማይኩ ውስጥ ገብቶ እንደ ነፋስ ይነፋል። ማይኩን በእጅ መትቶ «ሄሎ፣ ሄሎ» ማለት የአገር ልማድ ሆኗል። መሞከር ከፈለጉ አንድ እስከ አምስት ይቁጠሩ።

ፉጨት የሚመጣው ማይኩ ጥሩምባው የሚያወጣውን ድምፅ መልሶ ሲሰማ ነው። የመጀመሪያው መድኃኒት ቦታ ነው፦ አንባቢው ከጥሩምባው ጀርባ ይቁም። ሁለተኛው የማይጠቀሙበትን ማይክ ቁልፍ ዜሮ ላይ ማድረግ ነው። ሦስተኛው አንባቢው ወደ ማይኩ ተጠግቶ ድምፁ እንዲቀነስ ማድረግ ነው። ብዙ ቦታ የሚደረገው ተቃራኒው ነው፦ ልጁ ይርቃል፣ ቁልፉ ይጨመራል፣ ፉጨቱ ይመጣል፣ ተማሪው ጆሮውን ይይዛል፣ ማስታወቂያው አለቀ።

መብራት ሲሄድ ሶኬቱ ይነቀል። አምፕሊፋየሩን የሚገድለው የመብራቱ መሄድ ሳይሆን ሲመለስ የሚመጣው ያልተረጋጋ ቮልት ነው። አንዳንድ ሞዴል ከኋላው የባትሪ ማስገቢያ አለው፤ ጥሩ ነገር ነው፤ ነገር ግን አንዱ 12 ሌላው 24 ቮልት ስለሚጠይቅ ጽሑፉን ሳያነቡ የመኪና ባትሪ አያስሩበት፤ ፕላስና ማይነሱም አይቀያየር። ቀላሉ መጠባበቂያ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ የእጅ ሜጋፎን ነው። ለሰልፍ ይበቃል። ባትሪዎቹ ውስጥ ተረስተው ካፈሰሱ ግን ሁለተኛ አይሠራም፤ ሥራ ሲያበቃ ይውጡ።

ፍላሹ «አይነበብም» ሲባል አብዛኛውን ጊዜ ፎርማት የተደረገው በኤንቲኤፍኤስ ነው። በፋት 32 እንደገና ፎርማት ይደረግ፣ መዝሙሩና ማጀቢያው በኤምፒ 3 ይጫን፣ የፋይሎቹ ስም በቁጥር ይጀምር። የሕዝብ መዝሙሩ 01 ይሁን። ሰንደቅ ዓላማው እየተሰቀለ ሌላ ዘፈን ሲከፈት ያየ ሰው ምክንያቱ ይገባዋል።

ተፎካካሪው፦ ባለ ጎማው ሞንታርቦ

ይህ ዕቃ በሱቅ ውስጥ ከሁሉም በላይ ያምራል። መብራት ያበራል፣ ብሉቱዝ አለው፣ ገመድ አልባ ማይክ አለው፣ ካርቶኑ ላይ 3000 ዋት ተጽፎበታል። ቁጥሩ ግን ፒኤምፒኦ የሚሉት ነው፤ ለገዢ ዓይን የተሠራ ቁጥር። መመልከት ያለብዎት አርኤምኤስ (ዕቃው ሳያቋርጥ የሚሰጠው ኃይል) የሚለውን ነው፤ እሱ ከ100 ብዙም የማያልፍበት ዕቃ ሞልቷል። አርኤምኤስ ጨርሶ ካልተጻፈ መልሱ እዚያው ነው።

ለየዕለቱ ማስታወቂያ አይሆንም። ድምፁ አንድ ቦታ ላይ ነው፤ ፊቱ የቆመው ይደነቁራል፣ ከኋላ ሰልፍ ያለው ግማሹን አይሰማም። በየቀኑ ከቢሮ እየተገፋ ይወጣል፣ ይገባል፣ ጎማው በጠጠር ላይ ወር አይቆይም። ለወላጆች በዓል፣ ለድራማ፣ ለመዝሙርና ለጥያቄና መልስ ውድድር ግን ጥሩምባውን በብዙ ይበልጠዋል፤ ሙዚቃውን በወጉ ያወጣል። ሁለት ነገር ያስተካክሉ፦ ለንግግር ባሱን ይቀንሱ፣ «ኢኮ» የሚለውን ቁልፍ ዜሮ ያድርጉ። የመድረክ መሪዎች ኢኮ ይወዳሉ፤ የልጁ ስም ግን ሦስት ጊዜ እየተደጋገመ ሲመጣ እናቱም አታውቀው።

ሁለቱን መግዛት ካልተቻለ ጥሩምባው ይቅደም፤ ሞንታርቦ በዓመት ለሁለት ቀን መከራየት ይቻላል።

ዕቃው ካማረ በኋላ የሚበላሸው ነገር

አሁን ወደ ወረቀቱ። ግቢ ውስጥ ድምፅ ከግድግዳ ይመለሳል። ከአንባቢው 30 ሜትር ላይ ባለ አንድ ፎቅ ሕንፃ ካለ የተናገረው ቃል ከሰከንድ አምስተኛ ባነሰ ጊዜ ተመልሶ ቀጣዩን ቃል ይረግጠዋል። ሁለት ጥሩምባ በ50 ሜትር ተራርቀው ሲተከሉም ተመሳሳይ ነገር ይፈጠራል። መፍትሔው ቀስ ብሎ ማንበብ፣ በየሐረጉ መሐል ትንፋሽ መውሰድ፣ ሁለት ጊዜ መድገም ነው። ስለዚህ ጽሑፉ አጭር መሆን አለበት። በተለምዶ የሚነበበው እንዲህ ያለ ነው፦

«የትምህርት ቤታችን የሳይንስና ቴክኖሎጂ ክበብ ከዚህ ቀደም ባወጣው ዕቅድ መሠረት የተለያዩ የፈጠራ ሥራዎችን ለማቅረብ ዝግጅቱን አጠናቆ በቅርቡ ዐውደ ርእይ ስለሚያካሂድ ተሳታፊ መሆን የምትፈልጉ ተማሪዎች እስከ ዓርብ እንድትመዘገቡ እናሳስባለን።»

ልጁ «ዓርብ» ላይ ሲደርስ ሰሚው ኳስ ላይ ነው። የት፣ ማን ዘንድ፣ በስንት ሰዓት የሚለው ደግሞ ጨርሶ የለም። ያው ነገር እንዲህ ይነበባል፦

«የሳይንስ ዐውደ ርእይ። ምዝገባ እስከ ዓርብ። ቦታው ቤተ ሙከራ። ሰዓቱ የምሳ ዕረፍት። አንድ ሥራ ለሦስት ተማሪ። እደግመዋለሁ።»

17 ቃል ነው። ሁለቴ ቢነበብም ግማሽ ደቂቃ አይሞላም። ጥሩ የዕረፍት ፕሮግራም 10 ደቂቃ ሲሆን ሁለቱ ለመጪ ጉዳይ፣ ሁለቱ ለውጤት፣ ቀሪው ለሥነ ጽሑፍ፣ ለጠቅላላ ዕውቀትና ለማጀቢያ ይከፈላል። መጪው ጉዳይ መጀመሪያም መጨረሻም ይነገር፤ ልጆች ዘግይተው ከክፍል ይወጣሉ።

የአማርኛ ጽሑፍ ጠበቅና ላላን አያሳይም። «ይጠራል» የሚለውን አንባቢው በቶሎ ሲያየው ሰውየው ሌላ ሰው ይጠራል (ላልቶ) ማለት ነው ወይስ ሌሎች እሱን ይጠሩታል (ጠብቆ) ማለት ነው ብሎ ይደናቀፋል። ጠበቅ በሚለው ፊደል ላይ በእርሳስ አንድ ነጥብ ማኖርና ከመውጣት በፊት አንዴ ጮክ ብሎ ማንበብ ይበቃል።

ውጤት ሲነገር ስሙ እስከ አያት፣ ከክፍሉና ከምድቡ ጋር ይጠራ። በአንድ ግቢ ውስጥ በስምም በአባትም የሚገጥሙ ልጆች አይጠፉም፤ የተሳሳተችው ልጅ ከሰልፍ ወጥታ የምትመለስበት መንገድ ረጅም ነው። ዝርዝሩን የክፍል ኃላፊ መምህሩ ፈርሞበት ይምጣ። ሁለት ተማሪዎች አማካያቸው እኩል ሆኖ 2ኛ ከወጡ ቀጣዩ 4ኛ ነው፤ 3ኛ ብሎ ማንበብ ከሮስተሩ ጋር ያጋጫል። የወደቁ ልጆች ስም በጥሩምባ አይነበብም። ከ1ኛ እስከ 3ኛ ከወጡት በተጨማሪ ካለፈው መንፈቅ ይልቅ አማካዩን ብዙ ያሻሻለ ተማሪ ከየምድቡ ቢጠራ፣ በየመንፈቁ የሚደጋገሙትን ስሞች ብቻ መስማት ለሰለቸው ግቢ ጥሩ ለውጥ ነው።

መጪ ጉዳይ የሚጠፋበት ትምህርት ቤት የቀን መቁጠሪያውን አልከፈተም። መስከረም 25 የዓለም የመምህራን ቀን ነው። ጥቅምት 5 የእጅ መታጠብ ቀን፤ የጤና ክበብ የራሱ ቀን አለው ማለት ነው። የሰንደቅ ዓላማ ቀን በጥቅምት ወር የመጀመሪያው ሰኞ ይውላል። ኅዳር 22 የኤድስ ቀን፣ ኅዳር 29 የብሔር ብሔረሰቦች ቀን፣ የካቲት 14 የአፍ መፍቻ ቋንቋ ቀን፣ የካቲት 23 ዓድዋ፣ የካቲት 29 የሴቶች ቀን፣ ሚያዝያ 27 የአርበኞች ቀን፣ ግንቦት 28 የአካባቢ ቀን። ለእያንዳንዱ ኃላፊ ክበብ አስቀድሞ ተመድቦ ከሁለት ሳምንት በፊት ጽሑፉን ካስረከበ፣ ዓድዋ ማለዳ ላይ «ማን ያነባል?» ተብሎ አይራወጥም። ከግንቦት በኋላ ግን ለ8ኛ ክፍል ተማሪ የሚነበበው አንድ ጉዳይ ነው፦ ክልል አቀፍ ወይም ከተማ አቀፍ ፈተናው። የመፈተኛ ቦታ፣ መታወቂያ፣ የሚከለከሉ ዕቃዎች። ሌላው ለ7ኛ ክፍል ይተው።

የወላጆች በዓል ላይ ከዕቃው በላይ ጊዜ የሚበላው የሽልማቱ አጠራር ነው። ስምንት ምድብ ካለ ከእያንዳንዱ ሦስት ሲወጣ 24 ተማሪ ነው። ልጁ ከሕዝብ መሐል ተነሥቶ እስኪመጣ አንድ ደቂቃ ከፈጀ 24 ደቂቃ ሄደ፤ በሰኔ ሰማይ ሥር ይህ ቀልድ አይደለም። ተሸላሚዎቹ አስቀድመው በቅደም ተከተል ከመድረኩ ጎን ቢቀመጡና ቀጣዩ ቆሞ ቢጠብቅ በ8 ደቂቃ ያልቃል። ለፎቶ አንሺው የሚቆሙበት ቦታ በኖራ ይሰመር።

ቴሌግራሙስ?

ሁለተኛው ተፎካካሪ ነጻ ነው፤ ወላጅም ይደርሰዋል። ግሩፕ ሳይሆን ቻናል ይከፈት፤ ግሩፕ ውስጥ የፈተና ፕሮግራሙ ከ«እንደምን አደራችሁ» ሥር ይቀበራል። በሳምንት አንድ ቋሚ መልእክት ይለጠፍና ከላይ ይሰካ፤ የሳምንቱ መጪ ጉዳዮች በሙሉ እዚያ ይኑሩ።

ትልቁ አደጋ ሰዓት ነው። ሰዓት ተሞልቶለት በኋላ እንዲላክ የሚደረግ መልእክት የሚያውቀው የስልኩን ሰዓት ነው። ከጠዋቱ 3 ሰዓት እንዲላክ ብሎ 3:00 የሞላ መምህር ወላጆችን ከሌሊቱ 9 ሰዓት ይቀሰቅሳል። ስልኩ ላይ 09:00 ነው የሚሞላው። ጽሑፉ ውስጥ ደግሞ ሁልጊዜ «ጠዋት»፣ «ከሰዓት» የሚል ይጨመር፤ ቀኑም በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከነዕለቱ ይጻፍ። ሰኞ ነው ካሉ ቀኑ ሰኞ ይሁን።

የተማሪ ሙሉ የውጤት ዝርዝር በፎቶ ተነሥቶ ቻናል ላይ መለጠፍ የለበትም። በግቢ ውስጥ የተነበበ ስም ነፋስ ይወስደዋል፤ ቻናል ላይ የወጣ ሮስተር የልጁን 43 ከመቶ ለዓመታት ይዞ ይቀመጣል። ለወላጅ ካርድ አለ። ቴሌግራም ጥሩምባውን አይተካውም፤ 7ኛ ክፍል ሁሉ ስልክ የለውም፣ ያለውም ትምህርት ቤት ይዞ አይገባም።

ሱቁ ውስጥ፣ ከመክፈልዎ በፊት

አምፕሊፋየሩን እዚያው ሰክተው አንድ ጥሩምባ በ100 ቮልቱ ላይ አሳስረው፣ ሁለቱንም ማይክ በየተራ ይሞክሩ። የእያንዳንዱን ቁልፍ ከዜሮ እስከ ግማሽ ያዙሩ፤ «ክርር» የሚል ካለ ሌላ ይቀየርልዎ። ጀርባውን በእጅ ይዳስሱ፤ የማቀዝቀዣ ክንፎቹ ከባድ አልሙኒየም መሆን አለባቸው። ክብደት እዚህ ዕቃ ላይ ይዋሻል ማለት ይከብዳል፦ 120 ዋት የሚል ጽሑፍ ያለበት ነገር ግን በአንድ እጅ እንደ ደብተር የሚነሣ ከሆነ ውስጡ ያለው ትራንስፎርመር ትንሽ ነው። ተቀያሪ ፊውዝ አምስት ያህል አብረው ይግዙ፣ በትክክለኛው አምፔር። በፊውዝ ፋንታ የሲጋራ ብልጭልጭ ወረቀት ጠቅልሎ የሚያስገባ ሰው አምፕሊፋየሩን ፊውዝ አድርጎታል።

ክረምት ሲገባ፣ የመጨረሻው ካርድ ከተሰጠ በኋላ፣ የጥሩምባው መስመር ከአምፕሊፋየሩ ብሎን ላይ ይፈታ። መብረቅ በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ በተዘረጋ ሽቦ ገብቶ አምፕሊፋየሩን ለማቃጠል መብራት መኖሩን አይጠይቅም። ዕቃው በደረቅ ጨርቅ ተሸፍኖ ከመሬት ከፍ ብሎ ይቀመጥ፤ ማይኮቹ በላስቲክ ሳይሆን በጨርቅ ከረጢት። የጥሩምባዎቹ አፍ በወንፊት ሽቦ ቢሸፈን ነሐሴ ላይ ንብና ወፍ አይገባበትም። መስከረም ላይ አንዱ ጥሩምባ ታፍኖ ከጮኸ ግን ሽቦውን ከመቁረጥዎ በፊት መሰላል ይዘው አፉን ይመልከቱ።